ቀበቶውን በፈተና ካገኘሁ ለምን ልወዳደር?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የ23 ዓመት ወጣት ናት። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ትኖራለች። ቀን ገላን አካባቢ ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ናት፤ ማታ ሰፈሯ ውስጥ አይቲኤፍ ቴኳንዶ (ከሁለቱ ትልልቅ የቴኳንዶ ዘርፎች አንዱን) ትሠራለች። አረንጓዴ ቀበቶ ላይ ደርሳለች። ማስተሯ በክለቦች መካከል ለሚካሄድ ውድድር ሊያስመዘግባት ይፈልጋል። እሷ ግን እንዲህ ትላለች፦ «ሜዳሊያ አያጓጓኝም። ቀበቶ እንደሆነ በፈተና አገኘዋለሁ። ታዲያ ሰው ፊት ወጥቼ ብደበደብ ምን አተርፋለሁ? እናቴም ‹ሴት ልጅ ተደባድባ ምን ልታመጣ ነው› ብላ ተቆጥታለች። እውነት ለመናገር ፈርቻለሁም።»

እህቴ፣ አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልስጥሽ። ተወዳደሪ። ቢያንስ አንዴ ሞክሪው። ረጅሙን መልስ ደግሞ ጊዜ ወስጄ እጽፍልሻለሁ፤ ጥያቄሽ ይገባዋል። «በራስ መተማመን ይጨምራል፣ ዲሲፕሊን ያስተምራል» የሚለውን ፖስተር ላይ የሚለጠፍ መልስ አንቺም ሰምተሽዋል፤ አላሳመነሽም። እኔ በአቃቂ፣ በገላንና በቱሉ ዲምቱ አካባቢ ለዓመታት አሠልጥኛለሁ። ውድድር ሲኖር ደግሞ የማዕዘን ዳኛ ሆኜ እቀመጣለሁ። ስለዚህ ተወዳዳሪን ሲዘጋጅም፣ ምንጣፉ ላይ ሲወጣም አየዋለሁ።

ከጻፍሽው ሁሉ ቁም ነገሩ ያለው የመጨረሻዋ ቃል ላይ ነው። «ፈርቻለሁም» ብለሽ እግረ መንገድሽን ጣል አደረግሻት። ለእኔ ግን መልሱ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ውድድር ከሚሰጥሽ ነገር ሁሉ የሚበልጠው ፍርሃትን በዳኛ ፊት መለማመድ ነው። ሌላው ጥቅም ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

የውድድሩ ቀን ጠዋት ምን እንደሚሰማሽ አሁኑኑ ልንገርሽ። እጅሽ ይቀዘቅዛል። አፍሽ ይደርቃል። ሽንትሽ ይመጣል፤ ሄደሽ ስትመለሺ ደግሞ እንደገና ይመጣል። ጉልበትሽ የሌላ ሰው ይመስልሻል። ስምሽ ተጠርቶ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ስትቆሚ፣ ገና ምንም ሳትሠሪ ልብሽ ይመታል። ይሄ የፈሪነት ምልክት አይደለም። አድሬናሊን ነው። አእምሮ አደጋ አለ ብሎ ሲያምን ይህ ሆርሞን ደም ውስጥ ይገባል። ልብ ይፈጥናል። ደም ከቆዳና ከሆድ ዕቃ ቀንሶ ወደ ትልልቆቹ ጡንቻዎች ያደላል። እጅ የሚቀዘቅዘውም ሆድ የሚረበሸውም ለዚህ ነው። የዚያን ቀን ወርቅ የምታጠልቀዋም ልጅ ይሄው ነው የሚሰማት።

አሁን አስቢው። ይሄ ስሜት በሕይወታችን ስንቴ ይመጣብናል? የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ፣ ሐኪም ውጤት ሊነግረን ሲጠራን፣ ሰፊ ሰው ፊት ተናገሩ ስንባል። የሰው ፊት እሳት ነው ይባል የለ። አንቺም ሥራ ላይ «ሒሳቡን አጭበርብረሽኛል» ብሎ ሰልፉ መሀል የሚጮህብሽ ደንበኛ ሳይገጥምሽ አልቀረም። ይሄ ሁሉ ሳይጠበቅ ነው የሚመጣው፤ ማንም አያለማምደንም። ውድድር ላይ ግን ፍርሃት ቀጠሮ ይዞ ይመጣል። ቀኑን ታውቂዋለሽ። ሕጉን ታውቂዋለሽ። ራስ መከላከያ፣ ጓንት፣ የእግር መከላከያ አድርገሻል። «ሲጃክ» ሲባል ይጀምራል፣ «ጎማን» ሲባል ያበቃል። አንድ ዙር ቢበዛ ሁለት ደቂቃ ነው። ከፍተኛ ፍርሃት ውስጥ ገብቶ በሰላም መውጣትን ለመለማመድ ከዚህ የተሻለ ቦታ እኔ አላውቅም።

በመጀመሪያው ግጥሚያሽ ግማሹን ነገር አታስታውሺውም። ማስተርሽ ከጥግ ሲጮህ አትሰሚውም። ሦስት ወር የሠራሽው ኮምቢኔሽን ድራሹ ይጠፋል። አንድ ኪክ ብቻ ይቀርሽና እሱኑ ትደጋግሚዋለሽ። የብዙ ሰው የመጀመሪያ ግጥሚያ እንዲህ ነው። እኔ ከማዕዘን ወንበሬ ላይ ሆኜ በደንብ የማየው ነገር አለ። አዲስ ተወዳዳሪ ትንፋሹን ይይዛል። ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፣ ከንፈሩ ይገጥማል፣ ዙሩ ሳያልቅ ፊቱ ይጠቁራል። ያቺኑ ልጅ ከጥቂት ውድድሮች በኋላ ስታያት ትገረሚያለሽ። ሁለቱ ሲላቀቁ አንድ እርምጃ ወደኋላ ትልና ትንፋሿን ታወጣለች። ትከሻዋ ሲወርድ ይታያል። ዓይኗ ወደ ማስተሯ ይሄዳል፤ የሚላትን ሰምታ ትመለሳለች። ፍርሃቱ አልጠፋም፤ እሷ ግን በውስጡ ሆና ማሰብ ጀምራለች። ይህንን ችሎታ ፓድ (የመለማመጃ ትራስ) መምታት ብቻውን አይሰጥሽም።

እስከዚያው የሚረዱሽ ጥቂት ነገሮች አሉ። ከመውጣትሽ በፊት ስትተነፍሺ፣ የምታወጪው ከምታስገቢው ይርዘም። አራት ቆጥረሽ ብታስገቢ ስድስት ቆጥረሽ አውጪ። ረዘም ያለ ትንፋሽ ማውጣት ልብን ቀስ ያደርጋል። «ተረጋጊ፣ ተረጋጊ» ብለሽ ከራስሽ ጋር አትጣዪ፤ አያረጋጋም። «ሰውነቴ እየተዘጋጀ ነው» በይው፤ እውነቱም ይሄው ነው። የመጀመሪያውን ኪክሽን ደግሞ ቤትሽ ወስነሽ ሂጂ። ቀላል ይሁን። በፊት እግር የምትሠሪው ሳይድ ኪክ ይበቃል። አንድ ውሳኔ አስቀድሞ ካለቀ ለተቀረው ጭንቅላትሽ ቦታ ያገኛል።

ስለ ፈተናው ያልሽውን ደግሞ ልመልስልሽ። ልክ ነሽ፣ ቀበቶ የሚገኘው በፈተና ነው። ግን ፈተናና ውድድር የሚጠይቁሽ ጥያቄ ይለያያል። በፈተና ማስተርሽ እንድታልፊ ይፈልጋል፤ አብሮሽ ለፍቷል። አብረውሽ የሚሠሩትም እጅሽን ያውቁታል፣ አንቺም የእነሱን ታውቂያለሽ። እገሌ ሁሌ በቀኝ እግሩ ይጀምራል፤ እገሊት ከመታች በኋላ ወደ ግራ ትወጣለች። ሳታስቢው ለእነሱ የተሰፋ ጨዋታ ነው የምትጫወቺው። እነሱም ያዝኑልሻል፤ ሰኞ ማታ ደግሞ መገናኘታችሁ አይቀርማ። ውድድር ላይ የምትቆመው ልጅ ግን አታውቅሽም። ከሰበታ መጥታ ይሆናል፣ ከሰንዳፋ ወይ ከቡራዩ። ሥራዋ አንድ ነው፤ የምትፈልጊውን እንዳትሠሪ ማድረግ። አንድ ኪክ እንዲህ እያለች በምትከለክልሽ ሰው ላይ ከገባ የራስሽ ሆኗል ማለት ነው።

ይሄ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ጂጎሮ ካኖ ጁዶን እ.ኤ.አ. በ1882 ቶኪዮ ውስጥ ሲመሠርት የተከተለው መንገድ ይሄው ነበር። አደገኛ የሆኑትን ቴክኒኮች ከነጻ ልምምዱ አወጣ። በቀሩት ግን ተማሪዎቹ በሙሉ ኃይላቸው እርስ በርስ እንዲሞካከሩ አደረገ። ለማየት በሚያስፈራ ነገር ግን ማንም በእውነት በማይሞክረው ቴክኒክ ፋንታ፣ ቀለል ብሎ በሙሉ ኃይል የሚሠራውን መረጠ። ዛሬ የምናውቃቸው የውድድር ሕጎች፣ መከላከያውም የተከለከሉት ምቶችም፣ ያንኑ መንገድ የተከተሉ ናቸው።

አንድ ምሳሌ ላሳይሽ፤ ምናልባት አንቺም አለብሽ። በቀኝ እግር ራውንድ ኪክ ስትመቺ ቀኝ እጅሽ የት ይሄዳል? አብዛኛው አረንጓዴና ሰማያዊ ቀበቶ ሚዛን ለመጠበቅ እጁን ወደ ታች ይወረውረዋል። አገጩ ባዶ ይቀራል። ማስተሩ «እጅ! እጅ!» እያለ ዓመት ሙሉ ይጮሃል፤ ሰልጣኙ «እሺ» ይላል፤ በሚቀጥለው ኪክ እጁ ይወርዳል። አዳራሽ ውስጥ ያንን ክፍተት ማንም ስለማይጠቀምበት አካሉ ችግሩን አያምነውም። ውድድር ላይ ግን የማታውቀው ልጅ በመጀመሪያው ደቂቃ ታየዋለች። ኪክሽን አሳልፋ በጡጫ ትገባለች። ነጥቡ ይቆጠራል፤ አዳራሹ ይጮሃል። ከዚያች ቀን በኋላ እጅሽ አይወርድም። የአንድ ዓመት ጩኸት ያልሠራውን አንዲት ነጥብ ትሠራዋለች።

ስፓሪንግ፣ ማለትም ከተጋጣሚ ጋር መፋለም፣ ብቻ አይምሰልሽ። ፓተርንም፣ ማለትም ያለ ተጋጣሚ በቅደም ተከተል የሚሠራው የእንቅስቃሴ ስብስብ፣ እንዲሁ ነው። አረንጓዴ ቀበቶ ከሆንሽ ዎን ህዮን ይዘሻል፤ 28 እንቅስቃሴ ነው። በፈተና ብቻሽን ወይም ከክለብሽ ልጆች ጋር ነው የምትሠሪው። በአይቲኤፍ ውድድር ግን ብዙ ጊዜ ሁለት ተወዳዳሪ ጎን ለጎን ቆሞ ያንኑ ፓተርን አንድ ላይ ይጀምራል። የጎንሽ ልጅ ትቸኩላለች። በዓይንሽ ጠርዝ ታይዋለሽ። እግርሽ ሳታዢው የእሷን ፍጥነት ሊከተል ይቃጣዋል። በራስሽ ምት መቆየት፣ ትንፋሽሽን ከእንቅስቃሴው ጋር ማስኬድ፣ እሷ ጨርሳ ስትቆም እንኳ ሳትደናገጪ የቀረሽን በሙሉ ጥራት መሥራት እጅግ ከባድ ነው። ስፓሪንግ አልወድም የሚል ሰልጣኝ ካለ በፓተርን ይጀምር እላለሁ። ምት የለውም። ፍርሃቱ ግን ያው ነው፤ ትምህርቱም ሙሉ ነው።

አሁን በተለይ ለአንቺ የምለው አለኝ። በከተማ ዳር ባሉ ክለቦች ሴት ሰልጣኝ አሁንም ጥቂት ነው። ሥራ፣ ምሽት፣ የቤት ጣጣ፣ የጎረቤት ወሬ፤ ምክንያቱን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ስፓሪንግ የምትሠሪው በአብዛኛው ከወንዶች ጋር ነው ብዬ እገምታለሁ። ከወንድ ጋር ስትሠሪ ሁለት ነገር ይገጥምሻል። አንዱ አዝኖ ይመታሻል፤ ሌላው ደግሞ በሴት ተመታ እንዳይባል ከልኩ ያልፋል። በሁለቱም በትክክል የት እንደደረስሽ አታውቂም። ውድድር ላይ ግን በኪሎሽ፣ በቀበቶሽ፣ በዕድሜ ክልልሽ ያለች ሴት ትቆማለች። ብዙ ሴት ሰልጣኞች «ለካ ጎበዝ ነኝ» ያሉት ያን ቀን ነው። «ለካ የምትቀረኝ ነገር አለች» ያሉም አሉ፤ ይሄም ቢሆን ትልቅ ዕውቀት ነው።

ሌላም ነገር ታገኛለሽ። ወዳጅ። በማሞቂያው ጥግ ላይ ስትቀመጪ ከጎንሽ የምትቀመጠው ልጅ ምናልባት ተጋጣሚሽ ናት። ያንኑ ፍርሃት ፈርታለች። እሷም ቤቷ ተቆጥተውባት ይሆናል። ከግጥሚያው በኋላ ስልክ ትለዋወጣላችሁ። ኮንዶሚኒየም ስንገባ ከአሮጌው ሰፈራችን ተቆርጠን ነው የመጣነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት ገና አልተላመደም። ከክለብሽ ልጆች ጋር ገና ሳይነጋ ታክሲ ተጋፍቶ መሄድ፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ከጥግ መጮህ፣ ማታ ተሸንፎም አሸንፎም አብሮ መመለስ ሰውን ያዛምዳል። በስልጠና ብቻ ዓመት አብረው ሠርተው ስም የማይተዋወቁ ልጆች አይቻለሁ። ከአንድ ውድድር በኋላ ግን አንዱ ሲቀር ሌላው የሚደውል ሆነዋል።

መሸነፍን በተመለከተ አላባብልሽም። ልትሸነፊ ትችያለሽ። የመጀመሪያ ውድድርሽ ስለሆነ ዕድሉ ሰፊ ነው። ሰው እያየ መሸነፍ ያማል። ግን በቴኳንዶ ከግጥሚያ በኋላ የሚሠራውን ነገር ልብ በይው። መከላከያሽን ታወልቂያለሽ። ልብስሽን ታስተካክያለሽ። እንባሽ እየመጣም ቢሆን ውጤቱ እስኪነገር ቀጥ ብለሽ ትቆሚያለሽ። የተጋጣሚሽ እጅ ይነሳል። ዞረሽ ትሰግጂላታለሽ፣ እጇን ትጨብጫለሽ፣ ሄደሽ ማስተሯንም እጅ ትነሻለሽ። ይሄ ሁሉ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ሽንፈትን ዋጥ አድርጎ ጨዋ ሆኖ መውጣት በዚያች ደቂቃ ውስጥ ይለመዳል። የአባቶቻችን ጨዋታም ይሄንን ያውቃል፤ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። ሜዳው ላይ የተመታሽው ሜዳው ላይ ይቀራል።

ተጋጣሚን እንዴት ማየት እንዳለብን እኛ ኢትዮጵያውያን የምናውቀው ትልቅ ምሳሌ አለን። እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ፣ እስከ መጨረሻው ዙር የታገለቻት ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ነበረች። ደራርቱ ከመስመሩ በኋላ ቆማ ጠበቀቻት። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ያ ሩጫ ያን ያህል ፈጣንና ውብ የሆነው ሁለት ስለነበሩ ነው። የክለብ ውድድርም በልኩ እንዲሁ ነው። ያቺ የማታውቂያት ልጅ በርትታ ባትመጣ ኖሮ አንቺም የበረታሽውን ያህል አትበረቺም ነበር።

ስለ ዝግጅቱ ባጭሩ። የውድድር ቀን ሲቆረጥ ስልጠና መልክ ይይዛል። ትናንት «ደክሞኛል» ብለሽ የቀረሽበት ማታ ዛሬ አያስቀርሽም። እንቅልፍሽን ታስተካክያለሽ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በብዙ ይበልጣል፤ አየሩ ስስ ነው፣ ሁለት ደቂቃ ስፓሪንግ ሳንባን ያራቁታል። ስለዚህ ሩጫ ያስፈልግሻል። ኮዬ ውስጥ ግን ጨለማ ላይ ብቻሽን አትሩጪ። ውሻ አለ፣ ጭር ያለ መንገድ አለ። ሲነጋ ከሁለት ሦስት የክለብሽ ልጆች ጋር ውጡ። አጫጭር ፈጣን ሩጫ ከመካከሉ ዕረፍት እያደረጋችሁ ሥሩ፤ የስፓሪንግ ትንፋሽ የሚመጣው በዚያ ነው።

ውድድሩ አራት ኪሎ ወይም ራስ ኃይሉ የስፖርት ማዕከል ከሆነ ከሰፈርሽ ሩቅ ነው፤ ጠዋት የታክሲ ሰልፉን አስቢበት። ሰዓቱ እንደተባለው አይጀምርም። ሁለት ሰዓት ተብሎ የምትጠሪው ከምሳ በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚሞቅ ልብስ ያዢ። ውሃ ያዢ። በሶ በጥብጠሽ ብትወስጂ ሆድ አያስጨንቅም፣ ኃይል ይሰጣል። ሙዝም ጥሩ ነው። ከባድ ምግብ ከግጥሚያው በፊት ቢያንስ ሁለት ሦስት ሰዓት ይቅደም። ጾም ላይ ከወደቀም አትጨነቂ፤ ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ በሳምንቱ ውስጥ በደንብ ከተበሉ ጡንቻሽን ያቆዩልሻል። የጥርስ መከላከያ ግን ከሰው ተውሰሽ አትጠቀሚ። ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረሽ ነክሰሽው በጥርስሽ ቅርጽ የሚስተካከለውን የራስሽን ግዢ። ሌላውን መከላከያ ከክለብ መዋስ ይቻላል።

አሁን ወደ ጉዳቱ ልምጣ፤ ጥቅሙን ብቻ ካወራሁልሽ አልታመንም። መጋጋጥ፣ ማበጥ፣ የእግር ጣት መጋጨት ይኖራል። በአይቲኤፍ ሕግ ከልክ ያለፈ ምት ያስቀጣል፤ ቢሆንም ምት ምት ነው። ከሁሉም የምፈራው የጭንቅላት ምትን ነው። ጭንቅላትሽን ተመተሽ ከዞረብሽ፣ ካቅለሸለሸሽ፣ ራስሽን ካመመሽ ወይም የሆነውን ካላስታወስሽ ለዚያ ቀን አበቃ። ሜዳሊያ ቢቀር ይቅር። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ ወይም ደጋግሞ ካስመለሰሽ ቀጥታ ሆስፒታል። ወደ ስፓሪንግ የምትመለሺው ሐኪም አይቶሽ፣ ደረጃ በደረጃ ነው። «ምንም አይደለም፣ ውሃ ጠጪና ግቢ» የሚል አሠልጣኝ ካለ አትስሚው። ይሄን ስል በሙያዬ ሙሉ ኃላፊነት ነው።

ሁለተኛው ኪሎ ለመቀነስ የሚደረገው እብደት ነው። አንዳንዱ ሚዛን ላይ ለመግባት ውሃ ይተዋል፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይሮጣል። እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሦስት የኮሌጅ ትግል ተወዳዳሪዎች በጥቂት ሳምንታት ልዩነት የሞቱት በዚሁ መንገድ ኪሎ ሲቀንሱ ነው። ወጣቶች ነበሩ፣ ጤነኞች ነበሩ። አንቺ ዛሬ በምትመዝኚው ኪሎ ተመዝገቢ። ነገሩ አለቀ።

ራስን መከላከልን በተመለከተም ሐቁን ልንገርሽ። የውድድር ሜዳሊያ ከታክሲ ወርደሽ ቤትሽ እስክትደርሺ ያለውን ጨለማ መንገድ አያበራልሽም። እዚያ ዳኛ የለም፤ ጩቤ የያዘም ሊኖር ይችላል። ከሁሉም የሚሻለው መራቅና መሸሽ ነው። ውድድር የሚጨምርልሽ ርቀትን መለካትና ስትደነግጪ ድርቅ ብለሽ አለመቅረትን ነው። እሱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከዚያ በላይ ግን ቃል አልገባልሽም።

እናትሽ ደግሞ አልተሳሳቱም። የልጃቸው ፊት እንዲመታ የሚፈልግ ወላጅ የለም። ስለዚህ አትከራከሪያቸው፤ አስረጂያቸው። የምታደርጊያቸውን መከላከያዎች አምጥተሽ አሳዪያቸው። ዳኛው መሀል ቆሞ እንደሚያስቆም ንገሪያቸው። ማስተርሽ ቤት መጥቶ ቡና ጠጥቶ ቢያናግራቸው ከአንቺ ሺህ ቃል ይሻላል። «ምን ልታመጣ ነው» ላሉት ደግሞ ገንዘብ ታመጣለች ብለሽ አትዋሺ። የክለብ ውድድር ገንዘብ የለውም፤ እንዲያውም የመመዝገቢያና የትራንስፖርት ወጪ አለው። ቴኳንዶ ግን ተራ ድብድብ እንዳልሆነ ማየት ይችላሉ። ሌላኛው ዘርፍ፣ ወርልድ ቴኳንዶ፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ ጀምሮ የሜዳሊያ ውድድር ነው፤ ከመጀመሪያውም ለወንዶች አራት፣ ለሴቶችም አራት የኪሎ ምድብ ይዞ ነው የገባው። የእኛው ሰለሞን ቱፋ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ከ58 ኪሎ በታች አገሩን ወክሎ ተጋጥሟል። አይቲኤፍ ኦሊምፒክ ላይ ባይኖርም እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ የራሱ የዓለም ሻምፒዮና አለው። እዚያ ትደርሻለሽ ማለቴ አይደለም። መንገዱ ግን የተከበረ መንገድ ነው። ከቻልሽ እናትሽን ይዘሻቸው ሂጂ። ልጃቸው ለተጋጣሚዋ ስትሰግድ ካዩ ብዙ ነገር ይቀላቸዋል።

ማስተርሽንም አንድ ነገር ጠይቂው፤ ብሸነፍ ምን ትለኛለህ? መልሱን ልብ ብለሽ ስሚ። ውድድር ብቻውን ሰውን አያንጽም። ለተሸነፈች ልጅ አዳራሽ መሀል የሚጮህ፣ ዳኛ የሚሰድብ፣ «አሰደብሽን» የሚል አሠልጣኝ ያለበት ክለብ ውስጥ ያው ውድድር ሰውን ይሰብራል። ከጎንሽ ተቀምጦ «ሁለተኛው ዙር ላይ ያደረግሽው ጥሩ ነበር፤ እጅሽን እናስተካክል» የሚል ከሆነ ግን ጨርቄን ማቄን ሳትዪ ተመዝገቢ።

የምመክርሽ እንዲህ ነው። ለዚህኛው ውድድር በፓተርን ተመዝገቢ። ስፓሪንጉን ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ሳምንት በደንብ ሞክሪው፤ የምዝገባው ቀን ከመዘጋቱ በፊት ልብሽ ከተቀበለው ጨምሪው፣ ካልተቀበለው ለሚቀጥለው ይቆይ። ማስተርሽ በሳምንት አንድ ማታ ከሌላ ክለብ ልጆች ጋር ብታሠለጥነን ብለሽ ጠይቂው። ቱሉ ዲምቱና ገላን ውስጥ ሴት ሰልጣኞች ያሏቸው ክለቦች አሉ። ከማታውቂያት ልጅ ጋር መቆምን እዚያው ቅርብሽ ትጀምሪዋለሽ።